የዘፈን ግጥም ጸሐፊ የራሱን የግጥም ንባብ አልበም በሙዚቃ እንዴት ይሰራል? ከወረቀት እስከ ሚክስ

ለሌላ ሰው ዘፈን ግጥም ስትጽፉ ኖራችሁ አንድ ቀን «ይሄንንስ እኔው ባነበው» ያላችሁ ሰዎች፣ ይሄ ለናንተ ነው። እኔ ብዙ አመት የዘፈን ግጥም ከጻፍኩ በኋላ የራሴን የንባብ አልበም ልሰራ ስነሳ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር፣ ግጥም አለኝ፣ ድምፅ አለኝ፣ የማውቀው አቀናባሪ አለ፣ በቃ ማይክ ፊት ቆሞ ማንበብ ነው ብዬ። አቀናባሪው ያለቀለት ቢት፣ ማለትም ድምፅ ያልገባበት ሙዚቃ፣ ላከልኝ፣ ሄድፎን አድርጌ ላዩ ላይ አነበብኩ፣ ቤት ገብቼ ሳዳምጠው አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው እየሮጥኩ ነው። ቢቱ እኔን አይጠብቅም፣ እኔ ደግሞ እሱ ላይ ለመድረስ ስንኞቹን እየዋጥኩ። ስድስት ትራክ ሰርተን ስድስቱንም ጣልናቸው።

በኋላ የገባኝ ምን መሰላችሁ፣ ቅደም ተከተሉ ከዘፈን ጋር ሲተያይ የተገለበጠ ነው። ዘፈን ላይ ግጥሙ ለዜማው ቦታ ይለቃል። እዚህ ሙዚቃው ለንባቡ ቦታ ይለቃል። ከታች ያለው ነገር ሁሉ ከዚች የሚመጣ ነው።

1. ግጥሞቹን ምረጡ፣ ዘፈን የሚፈልጉትን ለዘፈን ተዉአቸው

የጻፋችሁት ሁሉ ለንባብ አይሆንም፣ በተለይ ጥሩ የዘፈን ግጥም የሆነው። ጥሩ የዘፈን ግጥም ሆን ተብሎ ክፍተት የተተወበት ነው፣ «ወይ አንቺ» የምትል ባዶ ቃል ዘፋኙ አፍ ውስጥ ገብታ አስር ሰከንድ ስትጎተት ሰው ታስለቅሳለች፣ እናንተ ስታነቧት ግን ሁለት ቃል ናት፣ አለቀች።

ችግሩ የራሳችሁን ግጥም ስታነቡ ዜማው ጭንቅላታችሁ ውስጥ አለ፣ እሱ ነው የሚያሳምርላችሁ። ስለዚህ ዜማውን ለማያውቅ ሰው ወረቀቱን ስጡትና ጮክ ብሎ እንዲያነበው አድርጉ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ስሙ። የሚደናቀፍበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። ሁለት ሶስቴ ከተደናቀፈ ግጥሙ ዜማ ይፈልጋል ማለት ነው፣ ተዉት።

ሌላው አዝማች ነው። አዝማች ሰው አብሮ እንዲዘፍን ነው የሚደጋገመው፣ ንባብ ላይ አብሮ የሚዘፍን የለም። ለሶስተኛ ጊዜ ስትመልሱት አድማጩ ትራክ ያልፋል። መደጋገም ካለበት በተደጋገመ ቁጥር አንድ ቃል ይለወጥ፣ ወይ ደግሞ ያው ቃል ሌላ ትርጉም ይዞ ይመለስ።

እዚህ ጋ አንድ የወረቀት ስራ ልጨምር፣ አሰልቺ ቢሆንም። ከዚህ በፊት ለዘፋኝ የሰጣችሁትን ወይም የሸጣችሁትን ግጥም «የኔ ነው» ብላችሁ ዘላችሁ አታንብቡ። የተፈራረማችሁት ወረቀት ካለ አውጡና አንብቡት፣ ምን እንዳስተላለፋችሁ እዩ፣ ወረቀት ከሌለ ደውላችሁ ተነጋገሩና የተስማማችሁትን በጽሑፍ አድርጉት። እኛ ሀገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በ2007 ደግሞ በአዋጅ 872 ተሻሽሏል። ግጥም በደራሲው እድሜ ልክ ከዛም 50 አመት ጥበቃ አለው፣ ማለትም ዛሬ በቃል የተባባላችሁት ነገር ልጆቻችሁ ጋ ይደርሳል። ከአቀናባሪውም ጋር እንደዚሁ፣ ሙዚቃው የማን እንደሆነና ገቢው ስንት በስንት እንደሚካፈል ከመቅረጻችሁ በፊት አንድ ገጽ ላይ ጻፉ። ከተቀረጸ በኋላ ሁሉም ሰው የራሱ ድርሻ ትልቁ ይመስለዋል።

2. ስንኙን ፍቱት

ከሁሉም ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

እኛ የዘፈን ግጥም ጸሐፊዎች እጃችን የለመደው የወል ቤት ነው፣ ስንኙ ለሁለት ሐረግ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ሐረግ 6 ቀለም (በአፍ የሚቆጠር የቃል ክፋይ)፣ መጨረሻው ቤት ይመታል። ሰንጎ መገን ላይ 5 እና 5 ነው፣ ቡሄ በሉ ላይ 4 እና 4። ሳናስበው እንቆጥራለን፣ በጣት ሳይሆን በጆሮ። ለምሳሌ ይቺን እዩ፦

ያንን በር ሳትዘጊው ወጥተሽ የሄድሽ ለታ
ብርዱ ገብቶ ቀረ ይዞ ያንቺን ቦታ

ለዘፈን ምንም አትልም፣ 6 ለ6 ናት፣ ቤቷ ገጥሟል፣ ዘፋኝ ቢሰጣት «ቦታ» የሚለውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። አሁን ያለ ዜማ ጮክ ብላችሁ አንብቧት። ታታ፣ ታታ፣ ታታ፣ ታታ። አራት ስንኝ እንደዚህ ከሄደ አድማጩ አምስተኛው የት እንደሚያልቅ ቀድሞ ያውቀዋል፣ ቀድሞ ካወቀ ደግሞ መስማት ያቆማል፣ ምቱን ብቻ ነው የሚሰማው። በላዩ ላይ ከበሮ ከጨመራችሁበት ምት በምት ላይ ሆነ፣ ትርጉሙ ከስሩ ተቀበረ።

እኔ ያደረኩት ስንኙን ፈትቼ ነገሩን ብቻ ማስቀረት ነው፦

በሩን አልዘጋሽውም።
እኔም አልዘጋሁትም።
ብርዱ ገባ።
ወንበርሽ ላይ ተቀመጠ።
«ማን ልበል?» አልኩት።
ስምሽን ነገረኝ።

ቤት አይመታም፣ ቀለሙም እኩል አይደለም፣ ግን ምን ተገኘ፣ መጀመሪያ ጥፋቱ ለሁለት ተከፈለ፣ የዘፈኑ ላይ ጥፋተኛዋ እሷ ብቻ ነበረች፣ ምክንያቱም 12 ቀለም ውስጥ «እኔም አልዘጋሁትም» የምትገባበት ቦታ አልነበረም። ሁለተኛ ብርዱ ሰው ሆኖ አፍ አወጣ። ሶስተኛ በየነጥቡ ዝምታ አለ፣ ሙዚቃው የሚገባበት በዛ ነው።

ቤት መምታት ተዉ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የኔ አልበም ላይ ግማሹ ቤት ይመታል። ግን ሳይጠበቅ ይምታ፣ ስድስት መስመር ዝም ብሎ ሄዶ ሰባተኛው ላይ ከሁለተኛው ጋር ይግጠም፣ ያኔ አድማጩ ጆሮው ይነቃል። ቤት እንደ ቅመም ነው የሚል ሰው አለ፣ እኔ ግን እንደ በር ደወል ነው የምለው፣ አስር ጊዜ ከተደወለ ማንም አይነሳም።

ለልምምድ አንድ ያለቀ ግጥማችሁን ውሰዱና እንደ ወሬ ለሰው ንገሩት፣ በስልክ ቅረጹት፣ ከዛ ቅጂውን ሰምታችሁ ያወራችሁትን ቃል በቃል ጻፉት። ከሚወጣው ግማሹ ቆሻሻ ነው፣ ግን ውስጡ ሁለት ሶስት መስመር ከመጀመሪያው ግጥም የሚበልጥ ታገኛላችሁ።

3. ሚጠብቀውንና ሚላላውን ወረቀቱ ላይ ወስኑ

ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የገባኝ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፣ ሰምና ወርቅ ስንሰራ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው የምንኖረው። ወረቀት ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

ዝም ያለ ይሰማል።

ይሰማል ሲላላ፣ ዝም ያለ ሰው ያዳምጣል ነው። ሲጠብቅ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ይደመጣል ነው፣ ፍጹም ሌላ ነገር። አንባቢ ሁለቱንም በአንዴ ያገኛል። ማይክ ፊት ስትቆሙ ግን አፋችሁ አንዱን መምረጥ አለበት፣ እና በመረጣችሁ ሰከንድ ሌላኛው ሞተ።

መፍትሄው ሶስት ነው። አንዱን መርጦ ሌላውን መተው፣ ይሄ አንዳንዴ ትክክል ነው፣ ሁሉም ቅኔ መትረፍ የለበትም። ወይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ማንበብ፣ መጀመሪያ አላልቶ፣ ከዛ ሙዚቃው ቁጭ ሲል አጥብቆ፣ እኔ ያደረኩት ይሄን ነው፣ ባስ ጊታሩ ሙሉ በሙሉ አቆመ፣ ሁለት ሰከንድ ዝምታ፣ ከዛ ይሰማል ጠብቆ ብቻውን መጣ። ሶስተኛው አንዱን እናንተ አንብቡ ሌላውን ሌላ ድምፅ ያንብበው፣ ይሄ ጥሩ ነው ግን በአንድ አልበም ከአንዴ በላይ ከተጠቀማችሁበት ጨዋታ ይሆናል።

ስለዚህ ከመቅረጻችሁ በፊት በማንበቢያ ወረቀታችሁ ላይ የሚጠብቁ ፊደሎች አናት ላይ ሁለት ነጥብ አድርጉ፣ ትንፋሽ የምትወስዱበት ቦታ አንድ ጭረት፣ ረጅም ዝምታ ያለበት ሁለት ጭረት። ወረቀቱ አስቀያሚ ይሆናል፣ ይሁን።

4. ያለ ሙዚቃ አንብቡ፣ ከዛ ሰዓቱን ለኩ

ቢት አታዙ ገና። ስልካችሁን አስቀምጡና ግጥሙን አምስት ስድስት ጊዜ አንብባችሁ ቅረጹ፣ ቆማችሁ፣ በሄድፎን ምንም ሳትሰሙ። በነጋታው አዳምጡና እውነት የምትመስለውን አንዷን ምረጡ። ያቺ ቅጂ ናት የአልበሙ አለቃ።

አሁን ትንሽ ሂሳብ። በ60 ቢፒኤም (በደቂቃ የሚመታው ምት ብዛት) አንድ ምት አንድ ሰከንድ ነው። በ80 ቢፒኤም አራት ምት ያለው አንድ ባር 3 ሰከንድ ይወስዳል። ንባባችሁ 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ከሆነ 144 ሰከንድ ነው፣ ለ3 ስታካፍሉት 48 ባር፣ አቀናባሪው ከዚህ ተነስቶ የት ምን እንደሚያስገባ መሳል ይችላል። የናንተ ስራ ግጥሙ የሚታጠፍባቸውን ቦታዎች በደቂቃና ሰከንድ መጻፍ ነው፣ «0፡41 ላይ ብርዱ ይገባል፣ 1፡10 ላይ ስሟ ይጠራል» እያላችሁ።

ሁሉም ግጥም ግን በምት አይታሰርም። አንዳንዱ ንባብ እንደ ወሬ ይፈጥናል ይዘገያል፣ እሱን በክሊክ (በሄድፎን ጊዜ በሚቆጥር ምት) ካሰራችሁት ይደርቃል። ለእንደዚህ አይነቱ ምት የሌለው ነገር ነው የሚሻለው፣ የተያዘ ኮርድ፣ ተጎትቶ የሚቀር የኪቦርድ ድምፅ፣ ወይም ደግሞ ሙዚቀኛው ንባቡን እየሰማ በነጻ የሚጫወተው። እኔ ከ9 ትራክ 4ቱን ያለ ክሊክ ነው የሰራሁት፣ ሰው ወደደልኝ የሚለኝም ብዙ ጊዜ ከነዛ ውስጥ ያለውን ነው።

5. ከሙዚቀኛው ጋር መስራት

መጀመሪያ ከአቀናባሪው ጋር የሚፈጠረው ጸብ የታወቀ ነው። እሱ ባዶ ቦታ ሲያይ ይሞላል፣ ስራው ነውና አይፈረድበትም፣ ለዘፈን ሲሰራ ድምፃዊው ትንፋሽ ሲወስድ ሳክስፎን ይመልስለታል። እናንተ ደግሞ ያንን ባዶ ቦታ ነው የምትፈልጉት። እኔ የበሩን ግጥም ስሰጠው የመለሰልኝ ላይ «ብርዱ ገባ» ከምትለው በኋላ የንፋስ ድምፅ ነበር። እውነተኛ የንፋስ ድምፅ፣ ሹሹሹ የሚል። ሳቅኩ፣ እሱም ሳቀ፣ አጠፋነው። ግጥሙ የተናገረውን ሙዚቃው ከደገመው አንዱ ትርፍ ነው። በር ሲባል የበር ድምፅ፣ ዝናብ ሲባል የዝናብ ድምፅ፣ ይሄንን ነገር ከወዲሁ ተስማምታችሁ ከልክሉት።

ቅኝትም ላይ ያው ነው። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ናቸው፣ እና ሰው ገና ሁለት ሶስት ኖታ ሲሰማ ስሜቱ ይያዛል። የናፍቆት ግጥም ላይ ትዝታ ስታደርጉ አድማጩ እናንተ አፋችሁን ሳትከፍቱ መናፈቅ ጀምሯል፣ ግጥሙ ምን ሊሰራ ነው ታድያ? የበሩን ግጥም መጀመሪያ በትዝታ ሞከርነው፣ አለቀሰ በቃ፣ ምንም የሚቀር ነገር የለም። ከዛ ባስ ጊታሩ አንድ ኖታ ብቻ ይዞ እንዲቆም አደረግን፣ አንድ ኖታ ብቻዋን የየትኛው ቅኝት እንደሆነች አትናገርም፣ አድማጩ ይጠብቃል። «ስምሽን ነገረኝ» ከተባለ በኋላ ነው ክራሩ የገባውና ትዝታ መሆኑ የታወቀው። ያው ትዝታ ነው፣ ግን አሁን ግጥሙ ቀደመው።

ስለ መሳሪያ ምርጫ ደግሞ፦ ክራር ለንባብ ምቹ ነው፣ ክሩ ተመቶ ድምፁ ቶሎ ይወርዳል፣ ለሚቀጥለው ቃል ቦታ ይለቃል። ማሲንቆ ግን አንድ ክር ሆኖ ሳለ እንደ ሰው ነው የሚያወራው፣ ከናንተ ጋር እኩል ካወራ ሁለታችሁም አትሰሙም፣ ስለዚህ በስንኝ መሀል ሳይሆን ከስንኝ በኋላ ይምጣ፣ እንደ መልስ። ዋሽንትም እንደዛው። በገና ግርማ አለው፣ ግን አድማጩ ጆሮ ውስጥ ከጸሎት ጋር የተያያዘ ነው፣ ስለ ቤት ኪራይ የሚቀልድ ግጥም ስር አታስገቡት። ፒያኖ ከሆነ መሀከለኛውን ክፍል ይተውላችሁ፣ ወይ ዝቅ ወይ ከፍ ብሎ ይጫወት፣ መሀሉ የናንተ ድምፅ መኖሪያ ነው።

አቅም ካላችሁ አንድ ቀን አብራችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ በሉና እናንተ እያነበባችሁ እነሱ እየሰሙ ይጫወቱ። ግጥም በጃዝ መድረክ ላይ ያያችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ ሙዚቀኛው አንባቢውን አይን አይኑን ያያል፣ ትንፋሽ ሲስብ ያውቃል። ቅጂው ባይጠቅም እንኳን የት ዝም ማለት እንዳለባቸው በዛ ቀን ይማራሉ።

6. ቀረጻ

ጥሩ ስቱዲዮ ካለ ጥሩ፣ ከሌለም ልብስ የሞላበት ክፍል፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ ይበቃል። ዋናው ነገር ግድግዳው ድምፃችሁን እንዳይመልሰው ነው። ዘፈን ላይ ትንሽ የክፍል ድምፅ ሙዚቃው ይሸፍነዋል፣ ንባብ ላይ ሙዚቃው ስስ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይሰማል፣ የወንበር ሲጢጥታ፣ የወረቀት መገለባበጥ፣ የጎረቤት ፍሪጅ። ወረቀቱን አትያዙ፣ ከፊታችሁ ስቀሉት።

ከማይኩ 15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ራቁ፣ አፋችሁ ቀጥታ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፣ መሀል ፖፕ ፊልተር (ትንፋሽ ማይኩን እንዳይመታው የሚከልል ስስ ወንፊት) ይኑር። በጣም ስትጠጉ ድምፁ ይወፍራል፣ ያምራልም፣ ለአንድ ለሹክሹክታ ግጥም ተጠቀሙበት፣ አልበሙ ሙሉ እንደዛ ከሆነ ግን ጆሮ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ይሆናል። የቅጂውን ጥራት 24 ቢት 48 ኪሎኸርዝ ላይ አድርጋችሁ ቅረጹ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከ-12 እስከ -6 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ ከፍታ መለኪያ) መሀል ይድረስ፣ ከዛ አይለፍ።

የአማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው፣ ማይክ ላይ እንደ ጠጠር ይመታሉ፣ ስታጋንኗቸው ደግሞ ይብሳሉ። ሌላው «ሽ» ነው። ለሴት የተጻፈ ግጥም በሽ የተሞላ ነው፣ ሄድሽ፣ ዘጋሽ፣ ወንበርሽ፣ ስምሽ፣ እኔ ስቱዲዮ እስክገባ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። ሚክስ የሚያደርገው፣ ማለትም ድምፁንና ሙዚቃውን የሚያዋህደው ልጅ ዲኤሰሩን (የ«ስ» አይነት ፉጨት የሚቀንሰውን መሳሪያ) እንደለመደው ለ«ስ» ከ5 እስከ 8 ኪሎኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) አካባቢ አድርጎ «ሽ»ዋ አልቀንስ አለችው። «ሽ» ከ«ስ» ዝቅ ብላ ነው የምትገኘው፣ ከ2.5 እስከ 5 ኪሎኸርዝ አካባቢ ፈልጓት። ግን ከዛ በፊት አንባቢው ራሱ «ሽ» ላይ ትንፋሹን ይቆጥብ፣ በማሽን ከሚቀነስ በአፍ የሚቀነስ ይሻላል።

አነባበብ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። ያቺ የታወቀች የግጥም ንባብ ድምፅ አለች አይደል፣ መጨረሻው ሁሉ ወደ ላይ እየተንሳፈፈ የሚንቀጠቀጥ፣ «እኔኮ ገጣሚ ነኝ» የሚል። መድረክ ላይ ከሩቅ ሰው ጋር ስለሆነ ያስኬዳል። በሄድፎን ግን አድማጩ አጠገባችሁ ነው ያለው፣ አጠገቡ ላለ ሰው እንደዛ የሚያወራ የለም። እኔ ከሷ ለመላቀቅ የረዳኝ ከያንዳንዱ ግጥም በፊት ለአንድ ለማውቀው ሰው «ስማ፣ ምን ሆነ መሰለህ» ብዬ መጀመርና ወዲያው ግጥሙን መቀጠል ነበር፣ «ስማ»ዋን በኋላ ቆርጠን ጣልናት።

ሙሉውን ከላይ እስከ ታች ሶስት ጊዜ አንብቡ፣ መስመር በመስመር አትቅረጹ፣ ትንፋሹ አይገናኝም። ስህተት ስትሰሩ ከስንኙ መጀመሪያ ሳይሆን ከአንቀጹ መጀመሪያ ተመለሱ። ለብ ያለ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር። ስትጨርሱ ዝም ብላችሁ ቁሙና የክፍሉን ባዶ ድምፅ 30 ሰከንድ ቅረጹ፣ ኤዲት ስታደርጉ በቃላት መሀል የምትሞሉት በሱ ነው፣ አለበለዚያ ዝምታው ገደል የገባ ይመስላል።

7. ኤዲትና ሚክስ

ትንፋሽ ሙሉ በሙሉ አታጥፉ። 6 ዲቢ ገደማ ቀንሱት ይበቃል፣ ያለ ትንፋሽ የሚያነብ ሰው ያስፈራል።

ድምፁ ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፣ ኮምፕረሰር (ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበው መሳሪያ) 3 ለ1 ሆኖ ከ3 እስከ 5 ዲቢ ቢይዝ ደህና ነው። ዋናው ስራ ያለው ሙዚቃው ላይ ነው። ቃል የሚለይበት ቦታ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ አካባቢ ስለሆነ መሳሪያዎቹ ላይ እዛ ጋ 2 ወይም 3 ዲቢ ቀንሱ፣ ድምፃችሁን ከመጨመር ይሄ ይሻላል። ከዛ ሳይድቼይን አድርጉ፣ እናንተ ስታነቡ ሙዚቃው 2 ዲቢ ያህል ዝቅ ይበል፣ ቀስ ብሎም ይመለስ፣ ግማሽ ሰከንድ አካባቢ፣ ቶሎ ከተመለሰ በየቃሉ መሀል ሙዚቃው ይተነፍሳል፣ የሬድዮ ማስታወቂያ ይሆንባችኋል። ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) አጭር፣ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ። ኤኮ የሚባለውን ነገር በአልበሙ ሙሉ አንድ ወይም ሁለት ቃል ላይ ብቻ አድርጉ፣ እኔ «ስምሽን» ላይ ልጨምር ብዬ ሶስት ቀን ተሟግቼ መጨረሻ ላይ አወጣሁት፣ ልክ ነበርኩ።

ፈተናው እንዲህ ነው። የስልክ ስፒከር ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱትና ግጥሙን የማያውቅ ሰው የሰማውን ወረቀት ላይ ይጻፍ። እኔ ጋ «ብርዱ ገባ» የምትለዋን አንዷ «ብሩ ገባ» ብላ ጻፈችው። ግጥሙ በአንዴ ስለ ደመወዝ ሆነ። እንደዛ አይነት ቃል ስታገኙ ሚክሱን ከመነካካታችሁ በፊት ያቺን መስመር እንደገና አንብቡ፣ እኔ «ድ»ን ውጬው ነበር።

ለማስተሪንግ (ለመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) -14 ኤልዩኤፍኤስ (የጠቅላላ ጩኸት መለኪያ) አካባቢ ለስትሪሚንግ ይሄዳል፣ ስፖቲፋይ የሚያስተካክለው ወደዛ ስለሆነ፣ ከፍተኛው ጫፍ ደግሞ ከ-1 ዲቢ አይለፍ። ለንባብ ከዛ ዝቅ ቢልም አትደንግጡ፣ አጩሁት የሚላችሁን አትስሙ፣ ከጮኸ ዝምታዎቹ ይጠፋሉ።

8. ቅደም ተከተልና መልቀቅ

8 ወይም 9 ትራክ፣ 30 ደቂቃ አካባቢ ይበቃል፣ ንባብ ከዘፈን በላይ ጆሮ ያደክማል። ሁለት ከባድ ግጥም አታከታትሉ። አንዱ ያለምንም ሙዚቃ ይሁን፣ መሀል አካባቢ፣ ከሱ በኋላ የሚመጣው ሙዚቃ ራሱ አዲስ ይሆናል። ድምፃዊ መጋበዝ ካማራችሁ አንድ ትራክ ላይ ብቻ፣ ከዛ በላይ ከሆነ ሰዉ ዘፈኑን ይጠብቅና ንባቡን እንደ መግቢያ ያየዋል።

የመጀመሪያው ትራክ ላይ ድምፃችሁ በ15 ሰከንድ ውስጥ ይምጣ። ስፖቲፋይ ላይ ተሰማ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲያልፍ ነው፣ የ40 ሰከንድ መግቢያ ሙዚቃ ካስቀደማችሁ ሰው አንድ ቃል ሳይሰማ ይሄዳል። ሽፋኑ 3000 በ3000 ፒክስል ይሁን፣ ርዕሱንና ስማችሁን በላቲን ፊደል ስትጽፉ ደግሞ ሁሉም ቦታ ላይ አንድ አይነት አጻጻፍ ተጠቀሙ፣ እኔ ስሜን ሁለት ቦታ ሁለት አይነት ጽፌ አልበሜ ለሁለት ተከፍሎ የሁለት ሰው ሆኖ ነበር። አልበሙን ከሚወጣበት ቀን ቢያንስ ሶስት አራት ሳምንት ቀድማችሁ ጫኑ፣ ስህተት የምታዩት ከጫናችሁ በኋላ ስለሆነ።

ዩቲዩብ ላይ የግጥሙን ጽሑፍ ከስር አስገቡ፣ ብዙ ሰው እያነበበ ነው የሚሰማው። ግን ለማንበቢያ ያዘጋጃችሁትን ነጥብና ጭረት የሞላበትን ወረቀት ሳይሆን ንጹሁን። ዝም ያለ ይሰማል የሚለው ላይ ምንም ምልክት አታድርጉበት፣ ድምፁ ላይ መርጣችሁ የጣላችሁት ትርጉም እዛ ጽሑፍ ውስጥ አለ፣ የሚያነብ ሰው ራሱ ያገኘዋል።